ተመልሶ የመጣው ኤርፎን በእርግጥ ተበላሽቷል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ፒያሳ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤ በደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የድምፅ ዕቃዎች መሸጫ ሱቅ ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምንሸጠው ስፒከር፣ ማይክራፎን፣ ኤርፎን፣ ቻርጀርና ልዩ ልዩ ገመድ ነው። ትልልቆቹ ዕቃዎች ብዙም አያስቸግሩኝም፤ እንቅልፍ የሚነሱኝ ትንንሾቹ ናቸው። በተለይ ሰኞ፣ ገበያተኛው ከየወረዳው በሚገባበት ዕለት፣ ባለፈው ሳምንት የሸጥሁት ኤርፎን በላስቲክ ተጠቅልሎ ተመልሶ ይመጣል። አሠሪዬ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል፤ ደንበኛው ግን ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነው የሚቆጣው።

ባለፈው ወር አንድ አባት ከኩታበር መጥተው፣ «ልጄ፣ ጭብጨባውና አጀቡ ይሰማኛል፤ መንዙማውን የሚያዜመው ሰው ግን ጠፋብኝ» አሉኝ። «አባባ፣ እስኪ ስልክዎን ይስጡኝ» ብዬ ብሞክረው እውነታቸውን ነው፤ የአዜሚው ድምፅ ከሩቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ይሰማል። አዲስ ከፍቼ ሰጠኋቸው፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። በመጨረሻ ገንዘባቸውን መለስሁላቸው። አሠሪዬ የሁለቱንም ኤርፎን ዋጋ ከደመወዜ ቆረጡና ዕቃዎቹን መሳቢያ ውስጥ ወረወሯቸው። ዕቃው ሁሉ ብልሹ ነው ወይስ እኔ ሥራዬን አላውቅም? ሕጉስ ስለ ደንበኛውና ስለ እኔ ምን ይላል?

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሁለቱን ኤርፎኖች ከመሳቢያው ያውጧቸው። እርስዎ የጻፉልኝ ምልክት ዕቃው ተበላሽቷል ከሚለው ይልቅ በትክክል አልተገናኘም ወደሚለው በብርቱ ያመለክታል። የኩታበሩ አባትም ሆኑ እርስዎ ያያችሁትና የሰማችሁት ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ከሰማችሁት ነገር ላይ የተሰጠው ፍርድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክራፎን የሌለው የተለመደው የ3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ለግራ ጆሮ፣ አንዱ ለቀኝ ጆሮ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለሁለቱም የጋራ መመለሻ፣ ጠጋኞች ግራውንድ የሚሉት ነው። መነጋገሪያ ያለው ኤርፎን ለማይክራፎኑ አራተኛ ክፍል ይጨመርለታል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አራቱ ክፍሎች የሚደረደሩበት ሥርዓት ሁለት ዓይነት ነው። በቀድሞው አደራደር መመለሻው ከጃኩ ሥር፣ ከፕላስቲኩ አጠገብ ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኞቹ ስልኮች በሚጠቀሙበት አደራደር ግን በዚያ ቦታ ያለው ማይክራፎኑ ነው፤ መመለሻው አንድ ቀለበት ወደ ጫፉ ከፍ ብሏል። የስልኩና የኤርፎኑ አደራደር ካልተስማማ፣ ወይም ጃኩ እስከ መጨረሻው ካልገባ፣ የጋራው መመለሻ በአግባቡ አይገናኝም። የመሪ ዘፋኝ ወይም የአዜሚ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የሚቀረጸው በግራም በቀኝም እኩል ሆኖ ነው። መመለሻው ሲጠፋ ግራና ቀኙ እርስ በርሳቸው ይያያዙና ጆሯችን የሚደርሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ይሆናል፤ እኩል የሆነው ይጠፋፋል፣ በአንድ ወገን በርትቶ የተቀረጸው አጀብና ጭብጨባ ግን ይቀራል። እኚያ አባት «የሚያዜመው ሰው ጠፋብኝ» ሲሉ አንድ የድምፅ ባለሙያ ከሚሰጠው መግለጫ ያልተናነሰ ትክክለኛ ቃል ተናግረዋል።

ስለዚህ በዚያ ሰኞ መታየት የነበረበት የመጀመሪያው ነገር የስልኩ ካቨር ነው። ወፍራም ካቨር ጃኩን በአንድ ወይም በሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ያግደዋል፤ ያ ደግሞ ለዚህ ችግር ይበቃል። ካቨሩን አውልቀው ይሰኩት። ካልተስተካከለ ቀዳዳውን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ በኪስ የሚኖር ስልክ ውስጥ የጨርቅ ብናኝና አቧራ ተጠቅጥቆ ጃኩ እንዳይገባ ያደርገዋል። ስልኩን አጥፍቶ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ አድርጎ ማውጣት ይቻላል፤ መርፌ ግን በፍጹም አይግባበት። ይህም ካልረዳ በኤርፎኑ ገመድ ላይ ያለውን የመነጋገሪያ ቁልፍ ተጭነው ይያዙት። ተጭነው በያዙበት ጊዜ የአዜሚው ድምፅ ከተመለሰ ነገሩ የአደራደር አለመስማማት ነው፤ ቁልፉ ሲጫን ማይክራፎኑንና መመለሻውን ያገናኛቸዋልና። ያን ጊዜ ለደንበኛው መነጋገሪያ የሌለው ባለ ሦስት ክፍል ኤርፎን መስጠት፣ ወይም አደራደሩን የሚለውጥ አጭር ማገናኛ መሸጥ መፍትሔ ነው። ሁለተኛ ኤርፎን ከዚያው ካርቶን አውጥቶ መስጠት ግን ያንኑ ችግር መድገም ነው፤ የሆነውም ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ለሱቃችሁ እንደ ደንብ ብትይዙት እመክራለሁ። ከመደርደሪያው በታች ሁለት የሱቁ ዕቃዎች ይኑሩ፤ ደኅንነቱ የተረጋገጠ አንድ ስልክና ደኅንነቱ የተረጋገጠ አንድ ኤርፎን። እነዚህ አይሸጡም፣ ለማንም በውሰት አይሰጡም። ተመላሽ ዕቃ ሲመጣ የደንበኛው ኤርፎን በሱቁ ስልክ፣ ቀጥሎም የሱቁ ኤርፎን በደንበኛው ስልክ ይሞከራል፤ የሚያዳምጠውም ራሱ ደንበኛው ይሁን። በዚህ መንገድ ጥፋቱ ከስልኩ ይሁን ከኤርፎኑ ማንም ሳይከራከር ይታወቃል። ለመፈተሻ የሚከፈተው ቅጂም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። እኔ በሱቅ በነበርሁበት ጊዜ በአምባሰል ቅኝት የተጫወተ የማሲንቆና የድምፅ ቅጂ ነበረችኝ። የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚሰማው ስስ ድምፅና የዘፋኙ ትንፋሽ ከደበዘዙ ወዲያውኑ አውቀው ነበር፤ የማናውቀውን ሙዚቃ እየከፈትን ብንፈትሽ ግን የዕቃውን ጉድለት ከቀረጻው ጉድለት መለየት አንችልም። ጮክ ያለ ሙዚቃ ከፍቶ መሸጥ በገበያችን የተለመደ ቢሆንም ጉድለትን ይሸፍናልና ለፈተሻ አይመች።

አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍልዎ። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሱቅ እሸጥ በነበረበት ጊዜ አንዲት እናት የአንዱ ጆሮው ድምፅ የተቋረጠ ኤርፎን ይዘው መጡ። ገመዱን አየሁና «እማማ፣ ልጆች ጎትተውታል» ብዬ መለስኋቸው፤ እሳቸውም አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚያው ካርቶን የቀሩትን አንድ በአንድ ስፈትሽ 11 የሚሆኑት ገመዱ ከጃኩ በሚወጣበት በዚያው ቦታ ተቋርጠው አገኘኋቸው። ማንም ልጅ አልጎተታቸውም፤ ሲሠሩ ጀምሮ ደካሞች ነበሩ። እናትየዋን በየገበያው ቀን በዓይኔ ፈለግኋቸው፣ አላገኘኋቸውም። ዛሬም ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ከመናገሬ በፊት እጄ ወደ መፈተሻው የሚሄደው በእሳቸው ምክንያት ነው።

የተቋረጠ ገመድ ሲያጋጥምዎ የሚታወቅበት መንገድ ቀላል ነው። ሙዚቃው እየተጫወተ ገመዱን ከጃኩ አጠገብ፣ ወደ ሁለት ከሚከፈልበት ቦታና ከጆሮው ሥር በየተራ ቀስ ብለው ያጥፉት፤ ድምፁ ብቅ ጥልቅ የሚልበት ቦታ የተቋረጠበት ነው። ጠጋኞች ቴስተር የሚሉት መለኪያ ካላችሁም ከጃኩ ጫፍ እስከ መመለሻው ሲለካ ደኅና ኤርፎን በአብዛኛው ከ16 እስከ 32 ኦም (የሽቦው ተቃውሞ መለኪያ) አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ መስመሩ ተቋርጧል። ከውጭ ያለው ልጣጭ ከተወጠረ፣ የጥርስ ምልክት ካለበት ወይም ውስጡ በላብ አረንጓዴ ከሆነ የአጠቃቀም ጉዳት ነው ማለት ይቻላል። ልጣጩ ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ከተቋረጠ ግን ጥርጣሬው ወደ ፋብሪካው ያዘነብላል፤ በተለይም ከአንድ ካርቶን ሦስትና አራት በአንድ ቦታ ከተቋረጡ።

ይጠገን ቢሉኝ፣ በትንሽ ዋጋ ለሚሸጥ ኤርፎን አልመክርም። በውስጡ ያሉት ፀጉር የመሰሉ ሽቦዎች በስስ ቀለም የተሸፈኑ በመሆናቸው ቀለሙ ሳይቃጠል ብየዳው አይይዝም፣ ቢይዝም እንደ ቀድሞው አይበረታም። የማይክራፎንና የጊታር ወፍራም ገመድ፣ ማለትም ትልቁ የ6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ ያለው ግን መጠገን ይገባዋል፤ ጃኩ ተቆርጦ ሌላ ቢበየድለት ለዓመታት ያገለግላል።

ቻርጀርን በተመለከተ ደግሞ በጣም እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። «ቻርጀሩ አይሠራም» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱን በሌላ ይለውጡ። ከዚያ በቻርጀሩና በገመዱ መካከል የሚሰካውን ትንሽ መለኪያ ይጠቀሙ። ስልክ እየሞላ ሳለ ተራው ቻርጀር 5 ቮልት አካባቢ መስጠት አለበት፤ ስልኩ ሲሰካበት ወደ 4.5 ቮልት የሚወርድ ከሆነ ደካማ ነው። ላዩ ላይ 2 አምፔር ተብሎ ተጽፎ ግማሹን እንኳ የማይሰጥ ዕቃ በገበያው አለ፣ እርስዎም አይተውት ይሆናል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሚግል፣ የሚሸት ወይም ሲነኩት የሚነዝር ቻርጀር ነው። በግድግዳችን ያለው 220 ቮልት ነው፤ በቻርጀሩ ውስጥ ያ ኃይል ከስልኩ መስመር ተለይቶ መቀመጥ ሲገባው መለያው ከደከመ በኤርፎኑ ገመድ በኩል ሰው ጆሮ ድረስ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን አንዱን ሰው አስደስቶ ለሌላው በቅናሽ መሸጥ ቀርቶ በነፃ መስጠትም ተገቢ አይደለም። ገመዱ ተቆርጦ መወገድ አለበት።

ብልሹ ሳይሆኑ ብልሹ የሚባሉ ሁለት ዕቃዎችን ጨምሬ ላሳስብዎ። የመጀመሪያው የጃክ ቀዳዳ ለሌላቸው ስልኮች የሚሸጠው አጭር ማገናኛ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የወጣው አይፎን 7 ቀዳዳውን ካስቀረ ወዲህ ብዙዎች ተከትለዋል። በታይፕ ሲ ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅ ግን በሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ስልክ የተዘጋጀ ድምፅ በቀጥታ ያወጣል፣ ሌላው የሚያወጣው በቁጥር የተቀመጠ ዲጂታል መረጃ ብቻ ነውና ማገናኛው በውስጡ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ቺፕ ሊኖረው ይገባል። በ2017 የወጣው ጎግል ፒክስል 2 እና በ2019 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 10 ቺፕ ያለውን ይፈልጋሉ። ቺፕ የሌለውን ርካሽ ማገናኛ ለእነዚህ ስልኮች መሸጥ ዕቃው ነገ እንዲመለስ መፍቀድ ነው። ሁለተኛው ሬዲዮ ነው፤ በብዙ ስልኮች ኤፍ ኤም ሬዲዮ የኤርፎኑን ገመድ እንደ አንቴና ስለሚጠቀም፣ በብሉቱዝ ኤርፎን ብቻ ሬዲዮ እሰማለሁ ብሎ የገዛ ሰው ይመለስብዎታል። ሲሸጡ «ሬዲዮ ያዳምጡበታል?» ብሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያንን ሁሉ ያስቀራል።

ወደ ሕጉ ልለፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ከዚህ የተሻለ ዋስትና በውል ተሰጥቶት ከሆነም በዚያ ይጠቀማል። ስለዚህ ግድግዳችሁ ላይ ያለው ወረቀት ጉድለት ያለበትን ዕቃ በተመለከተ ይህን መብት ሊሽር አይችልም። በሌላ በኩል ሕጉ የሚናገረው ስለ ጉድለት ነው፤ ገዢው ውኃ ውስጥ የጣለውን ወይም ቀለሙ ያላማረውን ለመመለስ ሱቁ አይገደድም። አሠሪዎ ወረቀቱን አንሥተው በምትኩ «ዕቃው ሲሸጥ ይፈተሻል፤ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ ከደረሰኝ ጋር ይቀርባል» ብለው ቢጽፉ ራሳቸውም ይጠቀማሉ፤ ፊት ለፊቱ ተፈትሾ የወሰደ ደንበኛ ሲወስደው ደኅና እንደነበረ ያውቃልና። ጆሮ ውስጥ የገባ ዕቃ ተመልሶ ደኅና ሆኖ ቢገኝ እንኳ ጎማው ተለውጦና በአልኮል ተጠርጎ፣ የተከፈተ መሆኑ ለገዢው ተነግሮት እንጂ እንደ አዲስ ታሽጎ ሊሸጥ አይገባም።

ስለ ደመወዝዎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግልጽ ነው። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር አሠሪ ከደመወዝ ሊቆርጥ አይችልም፤ የሚቆረጠውም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ይህን ይዘው ወዲያው ወደ ክስ ይሂዱ አልልም። መጀመሪያ ሁለቱን ኤርፎኖች በአሠሪዎ ፊት በሌላ ስልክ ይፈትሹላቸው፤ ደኅና ሆነው ከተገኙ የተቆረጠብዎ ገንዘብ ምክንያት እንደሌለው ራሱ ዕቃው ይመሰክርልዎታል። ዕቃው ተመልሶ በመሸጡ ሱቁ የሚጎዳው ነገር የለም፣ እርስዎም በድፍረት ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይገባዎታል። እምቢ ካሉና መቆረጡ ከቀጠለ የሠራተኛን ጉዳይ የሚመለከተው የከተማው መሥሪያ ቤት አለ። ከዛሬ ጀምሮም አንድ ደብተር ይያዙ፤ የተመለሰው ዕቃ፣ የተገዛበት ቀን፣ የስልኩ ዓይነት፣ የተገኘው ችግርና የተደረገው ነገር ይጻፍበት። ያ ደብተር ለሦስት ወር ከተጻፈበት የትኛው ካርቶን ብልሹ እንደሆነና የትኛው ችግር ሲሸጥ በአንድ ጥያቄ ሊቀር ይችል እንደነበር ያሳያችኋል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ

አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። ዕቃ የማመጣው ከመርካቶ ነው። ካርቶን ስከፍት ብልሽት ያለበት ሲገኝ አከፋፋዩ «አንተ ጋ ነው የተበላሸው» እያለ አይቀበለኝም። ለወራት ሳይሸጡ የቆዩ የብሉቱዝ ኤርፎኖችም ሲከፈቱ ጨርሶ አይነሡም። በተጨማሪ ሰዎች ከሳዑዲ ያመጡትን ስፒከር ይዘው፣ ቻርጀር ወይም ገመድ እንድሸጥላቸው ይመጣሉ፤ አንዱን ሰክቼ ወዲያው ተቃጠለብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና ምንም ዓይነት ከውጭ የመጣ ዕቃ ጽሑፉን ሳያነብቡ አይሰኩ። ከወሎ ወደ ሳዑዲ የሄዱ ልጆቻችን ብዙዎች ስለሆኑ ይህ ጉዳይ በደሴና በኮምቦልቻ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያጋጥማል። በሳዑዲ ዓረቢያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ያገለገለው ኃይል 127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሲሆን አገሪቱ ወደ 230 ቮልት የመለወጥ ሥራ የጀመረችው ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ የሚባለው ኃይሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግረን ነው። በጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ በሁለቱም አገር ይሠራል፤ 110 ወይም 127 ብቻ የተጻፈበት ግን እዚህ ሲሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ኃይሉን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢገዙለት ቮልቱ ይስተካከላል፣ ኸርዙ ግን አይለወጥም፤ ስለዚህ የሚሽከረከር ሞተር ያለው የሸክላ ማጫወቻ ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል፣ የዕቃው ትራንስፎርመርም ከተለመደው በላይ ይግላል። ሳያነብቡ ሰክተው የተቃጠለውን ዕቃ በተመለከተ ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቀው ቢተኩለት ወይም ቢያስጠግኑለት ይሻላል፤ ሙያተኛ ነኝ ብሎ የተቀበለ ሰው የማንበብ ኃላፊነት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለ አከፋፋዩ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ከጉድለት ነፃ መሆኑን ለገዢ እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ ገዢም በተቻለ ፍጥነት መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ብዙዎቻችን የምንሸነፈው በዚህ በሁለተኛው ነው፤ ካርቶኑን ዛሬ ተቀብለን ደንበኛ ሲመጣ ከሁለት ወር በኋላ እንከፍተዋለን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም አያምነንም። ዕቃው በገባበት ቀን ከእያንዳንዱ ካርቶን ጥቂት አውጥተው ይፈትሹ፣ ብልሽት ካገኙ ሁሉንም ይፈትሹ፤ ሲከፍቱ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹት፣ በዚያው ዕለት ለአከፋፋዩ በጽሑፍ መልእክት ይላኩለት። ብልሹዎቹንም ቀኑና የደረሰኙ ቁጥር በተጻፈበት ሣጥን ለብቻቸው ያስቀምጡ። በሥራ ብዛት ተመልሰው ከደኅናዎቹ ጋር የተቀላቀሉ ዕቃዎች ስንት ጊዜ ጠብ እንዳስነሡ ስላየሁ ይህን በጥብቅ እላለሁ።

የማይነሡት የብሉቱዝ ኤርፎኖች ጉዳይ ግን ምናልባት አከፋፋዩን የሚመለከት ላይሆን ይችላል። በውስጣቸው ያለው የሊቲየም ባትሪ ሳይሞላ ለወራት ከተቀመጠ ቀስ በቀስ ይፈስሳል፣ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ በኋላም መሙላት ሊያቅተው ይችላል። በግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ በየሦስት ወሩ እየታየ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ ዝቅ ብላ የምትገኝና የምትሞቅ ስለሆነች ዕቃውን ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ውስጥ መደርደር በተለይ ለባትሪ ዕቃ አይስማማም፤ በመስታወቱ ውስጥ ባዶ ካርቶኑን አስቀምጠው ዕቃውን ወደ ውስጥ ያስገቡት። ሲሸጡም ከመያዣው አውጥተው ሁለቱም ጆሮዎች መብራታቸው መብራቱን ለገዢው ያሳዩት። አንዱ ጆሮ ብቻ አልነሣ ካለ በመያዣው ውስጥ ያሉትን የብረት መገናኛዎች በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሲታሸግ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ ሳይነሣ ቀርቶም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሆጤ

ለመስጊዳችን የገዛነው አዲስ ማይክራፎን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሲገናኝ ምንም ድምፅ አይሰጥም። ሱቁ እንዲለውጥልን ብንጠይቅ ዕቃው ደኅና ነው አለን። ማንን እንመን?

መልስ፦

ሁለታችሁም እውነት ተናግራችሁ ሊሆን ይችላል። ኮንደንሰር የሚባለው የማይክራፎን ዓይነት ብዙውን ጊዜ በገመዱ በኩል 48 ቮልት ካልደረሰው አይሠራም፤ ብዙ አምፕሊፋየሮች ደግሞ ይህን ኃይል አይሰጡም። ከመጣላታችሁ በፊት ሱቁ ይህን ኃይል የሚሰጥ ሚክሰር ላይ ሰክቶ በእናንተ ፊት ያሰማችሁ። እዚያ ከሠራ ዕቃው ደኅና ነው፤ ነገር ግን ለየትኛው አምፕሊፋየር እንደምትፈልጉት ሳይጠይቃችሁ ሸጦላችኋልና፣ ያለዚህ ኃይል በሚሠራው ዳይናሚክ ማይክራፎን ቢለውጥላችሁ ተገቢ ነው። ለአዛንና ለስብከት፣ በእጅ ለሚያዝ አገልግሎትም ያው ዳይናሚኩ ይበቃችኋል። ስትሄዱ አምፕሊፋየሩን ወይም የጀርባውን ፎቶግራፍ ይዛችሁ ሂዱ።